የፋሲካው ስጦታ ዕዳ እስከ ሰኔ

«ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። የእኔና የባለቤቴ ደመወዝ ተደምሮ በወር እጃችን የሚገባው 34,000 ብር ነው። ላለፈው ፋሲካ ለእናቴ ነጠላና ጫማ በ4,800 ብር፣ ለባለቤቴ ወላጆች በግ በ14,000 ብር፣ ለእኅት ወንድሞቻችን ዘጠኝ ልጆች ልብስ በ11,700 ብር ገዛሁ፤ ለክርስትና ልጄም 1,500 ብር አወጣሁ። በድምሩ 32,000 ብር መሆኑ ነው። ግማሹን ያህል ከመሥሪያ ቤታችን የቁጠባና ብድር ማኅበር ተበድሬ ኖሮ ከፍዬ የጨረስሁት በሰኔ ደመወዝ ነው። አሁን ደግሞ እንቁጣጣሽ ከነትምህርት ቤት ምዝገባው እየመጣ ነው። ባለቤቴ ሁለት እኅቶች አሉት፤ እኔም ዱባይ የምትሠራ ታናሽ እኅት አለችኝ። እርሷ ለእናታችን በየበዓሉ ገንዘብ ስለምትልክ እኔ እዚሁ አጠገቧ ሆኜ እጄን አጣጥፌ መሄድ ያሳፍረኛል። ብቀንስ ደግሞ አማቴ ‹ልጄን አሰሰተችው› እንዳይሉኝ እፈራለሁ። ማንንም ሳላስቀይም ወጪውን እንዴት ልቀንስ? በቤታችን ያለችውን ሠራተኛ ደመወዝ፣ የቤት ኪራዩንና የልጆቹን ትምህርት ከፍለን የሚተርፈን ጥቂት ነው።»

ውድ ጠያቂያችን፤ ደብዳቤዎን አንብቤ እንደ ጨረስሁ መጀመሪያ ያደረግሁት አራቱን ወጪዎች በወረቀት ላይ አንዱን ከአንዱ ሥር ጽፌ መመልከት ነበር። ለእናትዎና ለክርስትና ልጅዎ ያወጡት አንድ ላይ 6,300 ብር ነው፤ የቀረው 25,700 ብር የሄደው ለበጉና ለዘጠኙ ልጆች ልብስ ነው። ዕዳ ውስጥ የከተቱዎት እንግዲህ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ይህን አስቀድሜ የማነሣው ብዙ ሰው ወጪ ልቀንስ ብሎ ሲነሣ ከሁሉም ላይ ጥቂት ጥቂት ስለሚሸራርፍ ነው፤ ለእናቱ ስስ ነጠላ፣ ለአማቱ ኮሳሳ በግ፣ ለልጆች በአንድ እጥበት ቀለሙ የሚለቅ ልብስ ይገዛና ለእርሱም ይህ ነው የሚባል ገንዘብ ሳይተርፈው፣ ተቀባዩም ቅር ብሎት በዓሉ ያልፋል። ለእናትዎና ለክርስትና ልጅዎ የመደቡትን አይንኩ። በጉንና የልጆቹን ልብስ ግን አሠራሩን ከሥሩ እንለውጠው።

ከበጉ ልጀምር። በቆየው ልማድ ለፋሲካ ወደ አማቱ ወይም ወደ ክርስትና አባቱ ቤት የሚሄድ ሰው አክፋይ ይዞ ይሄድ ነበር፤ ዛሬም ይህን ወግ የሚጠብቁ አሉ። አክፋይ ዳቦው፣ ጠላው፣ አቅም ሲፈቅድም በጉ ነው፤ የሚሰጠውም ለቤቱ እንጂ በዚያ ቤት ስንት ራስ እንዳለ ተቆጥሮ ለእያንዳንዱ የሚታደል አልነበረም። ስለዚህ በግ ይዞ አማት ቤት መግባት መልካም ወግ ነውና ይቅር አልልዎትም። የማልስማማው ብቻዎን በመግዛትዎ ነው። የባለቤትዎ እኅቶችም በዚያው ዕለት ባዶ እጃቸውን እንዳልመጡ እገምታለሁ፤ አንዷ ዶሮና እንቁላል፣ ሌላዋ ዘይትና አንድ ሳጥን ለስላሳ ይዘው መጥተው ይሆናል። ሁለት አረጋውያን ብቻ በሚኖሩበት ቤት በጉም ታርዶ፣ ዶሮውም ተሠርቶ፣ በማግሥቱ የተረፈው ሥጋ ቋንጣ ሆኖ ገመድ ላይ ተሰቅሎ ማየት ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ ነው፤ ያው የ14,000 ብር በግ ለሦስት ሲከፈል የእናንተ ድርሻ 4,670 ብር ገደማ ይሆናል። በአማቶችዎ ሰፈር ቅርጫ የሚገባ ቡድን ካለ ደግሞ ሦስታችሁ አዋጥታችሁ በእነርሱ ስም አንድ መደብ ብታስይዙላቸው አማትዎ ያን ሁሉ ማጠብና መዘልዘል ይቀርላቸዋል፤ አባትም በበዓል ጠዋት አራጅ ፍለጋ ደጅ ከመቆም ይድናሉ።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ይህን ነገር ማን ያንሣው የሚለው ነው። እርስዎ አያንሡት። ከምራት አፍ ሲወጣ ቁጠባ ሁሉ ስስት ይመስላል፤ ፍትሐዊ ባይሆንም እንዲያ ነው፤ እኛ ደግሞ ይህን በአንድ በዓል አንለውጠውም። የሚናገሩት ባለቤትዎ ናቸው፤ የሚናገሩትም መጀመሪያ ለእናታቸው ሳይሆን ለታላቅ እኅታቸው ነው፤ ጊዜውም የበዓሉ ዋዜማ መሆን የለበትም። በግምት እንዲህ ቢሉ ይበቃል፦ «እትዬ፣ ለእነ እማዬ ሁላችንም በየፊናችን እየገዛን ቤቱ ዕቃ በዕቃ ሆነ፤ የሚያስፈልጋቸው ግን አልተሟላም። ከእንግዲህ ሦስታችን አዋጥተን አንድ ነገር በደንብ አሟልተን ብንገባላቸውስ? አንቺ ታላቃችን ነሽና ምን እንደሚገዛ አንቺ ምረጪ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳይዘልሏት አደራ ይበሏቸው። የመምረጡ ነገር በእጇ የሆነ ታላቅ እኅት ሐሳቡን የራሷ አድርጋ ለእናቷ ትነግራለች፤ ያን ጊዜ የእርስዎ ስም በነገሩ ውስጥ አይገባም።

ወደ ልጆቹ ልብስ እንምጣ። በየሱቁ የሚሰቀለው የልጆች ልብስ አብዛኛው ከቻይናና ከቱርክ፣ አለዚያም በዱባይ በኩል የሚገባ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን ያስታውሳሉ፤ ከዚያ ወዲህ በዶላር የሚገባን ዕቃ ለዘጠኝ ሰው ማደል የደመወዝተኛ ስጦታ መሆኑ አብቅቷል ብዬ አምናለሁ። በዚያ ላይ የሌላ ሰው ልጅ ልብስ ቁጥሩ በግምት የሚገዛ ነው። ይሰፋዋል የተባለው ይጠብበዋል፤ እናቱም ፈገግ ብላ ትቀበልና ቁም ሣጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ ከወራት በኋላ ለሌላ ልጅ ልደት ተጠቅልሎ ይወጣል። በቅርብ በማውቃቸው ዘመዳሞች ዘንድ አንድ ሮዝ ቀሚስ ሦስት ቤት ዞሮ በመጨረሻ መጀመሪያ የገዛችው ሴት ዘንድ ለገዛ ልጇ ስጦታ ሆኖ ተመልሷል፤ ሴትዮዋ ቀሚሱን ያወቀችው በእጅጌው ላይ በተሰፋው ቁልፍ ነው።

እኔ ቢሆን ለልጆቹ በዓመት አንዴ፣ ለእንቁጣጣሽ ብቻ እሰጣለሁ፤ የምሰጠውም ደብተር ነው። ምክንያቱም እርስዎን የያዘዎት የምዝገባ፣ የዩኒፎርምና የመጽሐፍ ወጪ እኅት ወንድሞቻችሁንም ይዟቸዋል። ለአንዱ ልጅ ግማሽ ደርዘን ደብተር ቢታሰብ ለዘጠኙ አራት ደርዘን ተኩል ነው፤ ይህን ደግሞ ከሰፈር ሱቅ አንድ አንድ እያሉ ከመግዛት መርካቶ ወርዶ በደርዘን መግዛት ይረክሳል፤ የሚሻለውም ወላጅ ሁሉ በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን ሳይተራመስ አሁን በሐምሌ መግዛት ነው። እስክሪብቶና እርሳስ ተጨምሮ ለአንድ ልጅ 450 ብር ይመድቡና በዚያው ይቁረጡ፤ ለዘጠኙ 4,050 ብር ይመጣል። ደብተሮቹን ልጆችዎ ይሸፍኗቸው። አንዱ ላስቲኩን ሲያጥፍ ሌላው የአጎቱንና የአክስቱን ልጆች ስም ይጻፍ፤ በላዩም የእንቁጣጣሽ ሥዕል፣ ዐደይ አበባም ሆነ ፀሐይ፣ ክንፉ የተጣመመ መልአክም ቢሆን ሥለው ይለጥፉ፤ ወንዶች ልጆች በመስከረም 1 ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያድሉት ያው ሥዕል ነው። ለፋሲካ ለልጆቹ ምንም አልገዛም ማለት ነው ወይ ቢሉኝ፣ አዎ፣ ምንም። የፋሲካ ቀን ልጆች የሚፈልጉት ከጾም በኋላ የሚበላውን ነው፤ እሱን ደግሞ አያጡም።

ገናን በአጭሩ ልለፈው። ስጦታ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ጠቅልሎ ከፕላስቲክ ዛፍ ሥር ማኖር ከሱቆችና ከመሥሪያ ቤቶች ወደ ቤታችን የገባ አዲስ ልማድ ነው፤ ካልጀመራችሁት አትጀምሩት፤ ከጀመራችሁትም አዋቂዎቹ እንደ ዕቁብ ዕጣ አውጥታችሁ አንዱ ለአንዱ ብቻ ይግዛ።

አሁን ስለ ጊዜ ጥቂት ልበል፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነውና። አስተውለው ከሆነ ከሦስቱም በዓላት አስቀድሞ ጾም አለ። ከእንቁጣጣሽ በፊት ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ፍልሰታ፣ ከገና በፊት ከኅዳር 15 ቀን የሚገባው ጾመ ነቢያት፣ ከፋሲካ በፊት 55 ቀን የሚቆየው ዐቢይ ጾም አሉ። በጾም ጊዜ ቅቤ ፈላጊው ይቀንሳል፤ ዋጋውም ይረግባል፤ ጾሙ ሊፈታ ሳምንት ሲቀረው ግን ከተማው በሙሉ በአንድ ጊዜ ገበያ ይወጣል። ቅቤን በጾሙ መካከል ገዝቶ፣ በኮረሪማና በኮሰረት አንጥሮ፣ በደረቀ የመስታወት ዕቃ ከድኖ ማስቀመጥ እናቶቻችን የሚያውቁት ነገር ነው፤ ንጥር ቅቤ ደግሞ ለእናትም ለአማትም ቢሰጥ የሚያኮራ ስጦታ ነው። እኔ ይህን የተማርሁት ተቀጥቼ ነው። አንድ ዓመት በቀዳም ሥዑር ጠዋት፣ ግፊያው ውስጥ ገብቼ፣ ሳላሸትና ሳልቀምስ ሁለት ኪሎ ቅቤ ገዛሁ። ማታ ድስት ላይ ጥጄ ሳቀልጠው ቢጫው ከላይ ስስ ሆኖ ተንሳፈፈ፤ ከሥር ደግሞ ነጭ ነገር እንደ ገንፎ ተጋግሮ ቀረ፤ ለእናቴ ልወስድ ያሰብሁት ያ ነበር። ሻጩን የት አግኝቼ ልጠይቀው? የበዓል ዋዜማ ገበያተኛ በነጋታው ከቦታው የለም።

ነጠላና ጋቢም እንዲሁ ጊዜ አላቸው። ሽሮ ሜዳ ሄዶ በበዓል ሳምንት የተሰቀለውን ከማንሣት ፈትል ገዝቶ ለሸማኔ መስጠት፣ ወይም ሸማኔውን ቀደም ብሎ ማዘዝ በዋጋም በጥራትም ይሻላል። ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ፣ ከፋሲካ በኋላም እንዲሁ ሠርግ ስለሚበዛ ሸማኔው በእነዚህ ጊዜያት ፋታ የለውም፤ ለፋሲካ የሚሆነውን ዐቢይ ጾም እንደ ገባ፣ ለእንቁጣጣሽ የሚሆነውን ደግሞ በሐምሌ ቢያዙ ተከራክረው መዋዋል ይችላሉ። ዘይቱንና የመሳሰለውን ከወረዳዎ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም ከእሑድ ገበያ ይግዙ። በየበዓሉ የሚከፈተውን ባዛር በተመለከተ ግን ልጆችን ወስዶ ለማዝናናት እንጂ ለቁጠባ አልመክርዎትም፤ የመግቢያው ሳይቆጠር ልጆቹ የሚበሉትና የሚጫወቱት ብቻ ያተረፉትን ይወስደዋል።

የእናትዎ ነገር ከሁሉ ይበልጥ ልቤን ነክቶኛል፤ ጉዳዩ የገንዘብ ሳይሆን ከታናሽ እኅትዎ ጋር የገቡበት የዝምታ ፉክክር ነውና። እርሷ ሩቅ ስላለች ገንዘብ ትልካለች፤ መላክ የምትችለው እሱን ብቻ ስለሆነ ነው። እርስዎ ደግሞ ቅርብ ሆነው በዕቃ ሊመልሱላት ይሞክራሉ። ለበዓሉ አንድ ወር ሲቀረው ደውለው «እታለም፣ ለእማዬ ዘንድሮ አንድ ላይ ምን እናድርግላት?» ይበሏት፤ የእርሷ ብርና የእርስዎ እግር ሲገናኙ የሚሠራ ነገር አለ። የ4,800 ብሩን መጠን አይንኩ ማለቴን አልረሳሁም፤ የሚገዛበትን ነገር ግን እናትዎን ይጠይቁ። የራሴን እናት ሳጥን በከፈትሁ ጊዜ ያገኘሁት አምስት ነጠላ ነበር፤ ሁለቱ የተጠቀለሉበት ጋዜጣ እንኳ አልተፈታም፤ የአንዱ ጥለት በመታጠፊያው ላይ ቢጫ ሆኗል። አምስቱንም የገዛነው እኛ ልጆቿ ነን፤ በእነዚያው ዓመታት ግን መዝሙረ ዳዊቷን አንዴ ከዓይኗ እያራቀች አንዴ እያጠጋች በማጉያ መስታወት ታነብ ነበር፤ መነጽር ያስፈልጋት እንደሆን የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም። እናትዎ መነጽር፣ የተመቸ ጫማ፣ ወይም የዓመቱ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን መዋጮ እንዲከፈልላቸው ይፈልጉ ይሆናል፤ ሁሉም ስጦታ ነው።

አንድ ሰው ግን በዝርዝርዎ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። በደብዳቤዎ መጨረሻ በደመወዟ በኩል ያነሧት የቤት ሠራተኛዎ ከአራቱ መስመሮች በአንዱም ላይ የለችም። ምናልባት ሰጥተዋት ሳይጽፉት ቀርተው ይሆናል፤ ካልሆነ ግን የበዓሉን ሽንኩርት ስትልጥ ያነጋችው እርሷ ናትና ከዘጠኙ ልጆች ቀድማ ትምጣ። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ሁለት ሁለት ሺህ ብር ይመድቡላት፤ ቤተሰቦቿ ዘንድ ሄዳ የምትመለስ ከሆነ ደግሞ ከመንገዷ ሁለት ቀን ቀደም ብለው ይስጧት፤ እርሷም ለእናቷ የምትገዛው አላት።

እንግዲህ እንደገና እንደምረው። የበጉ ድርሻ 4,670፣ የእናትዎ 4,800፣ የክርስትና ልጅዎ 1,500፣ የልጆቹ ደብተር 4,050፣ የሠራተኛዎ 4,000፣ ለእንቁጣጣሽና ለገና ደግሞ ለሁለቱም ወገን ወላጆች ለቅቤም ሆነ ለዶሮ መዋጮ 3,000 ብር ቢያዝ የዓመቱ በሙሉ 22,020 ብር ይመጣል። ይህ ለአንዱ ፋሲካ ብቻ ካወጡት 10,000 ብር ያህል ያንሳል፤ ለዐሥራ ሁለት ወር ሲካፈል በወር 1,835 ብር ነው። ገንዘቡን ከደመወዝ ሒሳብዎ ጋር አያቀላቅሉት። ዕቁብ ውስጥ ካሉ ዕጣዎ ከበዓል በፊት እንዲወጣልዎ ከሌላ ዕቁብተኛ ጋር ተነጋግረው መለዋወጥ ይችላሉ፤ ዳኛው ካወቀው ነውር የለውም። ዕቁቡ ከሌለ ደግሞ ደመወዝ በገባ ዕለት ወደ ሌላ የቁጠባ ሒሳብ ያዛውሩት፤ ከማኅበሩ መበደሩን ለሕመምና ለድንገተኛ ነገር ይተዉት። ለዘንድሮው እንቁጣጣሽ የሚያስፈልግዎ ለደብተሩ፣ ለሠራተኛዎና ለወላጆች መዋጮ ከ3,000ው ግማሹ ተደምሮ 7,550 ብር ስለሆነ፣ ከሐምሌና ከነሐሴ ደመወዝ እኩል ቢያወጡት ያለ ብድር ይደርሳሉ። ምዝገባው ከዚያ በላይ ካጠበበዎት የሚቀነሰው የወላጆች መዋጮ ይሁን፤ ከቤት የተነጠረ አንድ ብርጭቆ ቅቤ ይተካዋል።

ይህን ሁሉ አድርገውም አማትዎ «አሰሰተችው» ቢሉስ? ሊሉ ይችላሉ። እንዳልሰሙ ይሁኑ፤ መልስ የሚሰጡ ከሆነም የሚመልሱት ባለቤትዎ ናቸው፤ «እማዬ፣ ያለፈው በግ ብድር ነበር» ማለት አለባቸው። ብዙ ወላጆች ልጆቻቸው ተበድረው እንደሚያርዱላቸው አያውቁም፤ ቢያውቁ ሥጋው ከጉሮሯቸው አይወርድም። ባለቤትዎ ለታላቅ እኅታቸው የሚደውሉት ግን ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ፍልሰታ ከመግባቱ አስቀድሞ ባለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይሁን፤ ቡና እየተፈላ፣ እርስዎም ጓዳ ሳሉ።